ስለ ቀንድ አውጣ ስምና ስለ ተሳሳተ አድራሻው

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። ለቀንድ አውጣ የሳይንስ ስም የሚያወጣለት ግን ሰው ነው፤ ሰውም ስለሆነ ይሳሳታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚታረም፣ በእርማቱም ሥራ ውስጥ በአምቦና በወንጪ አካባቢ ለምንኖርና ለምንማር ሰዎች ምን ድርሻ እንዳለን ማስረዳት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን አስቀድሜ ማስታወቄ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ አንባቢ ወደ ኋላ ይረዳዋል።

የሦስት ክብሪት ቀፎዎች ታሪክ

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከጓደኞቼ ጋር ከአምቦ ተነሥተን ወደ ወንጪ ወጣን። ወንጪን ያላየ አንባቢ ቢኖር፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጥንት እሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ተራራው መሐሉ ጎድጉዶ ሐይቅ ይዟል፤ በሐይቁም ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ደሴት አለ። እኛ ግን የሄድነው ሐይቁን ለማየት ብቻ ሳይሆን ለክፍል ሥራ ቀንድ አውጣ ለመሰብሰብ ነበር። ፈረስ የሚያከራዩት ልጆች ድንጋይ እየገለበጥን ስንፈልግ አይተው ብዙ ሳቁብን፤ በኋላ ግን ከእኛ ይልቅ ብዙ ያገኙት እነሱው ናቸው።

ከተራራው ጫፍ፣ ከአስታው ሥር ያገኘሁትን ዛጎል በአንድ ክብሪት ቀፎ አኖርሁ። በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ወርደን ከሐይቁ ዳር ያገኘሁትን በሁለተኛው ቀፎ አደረግሁ። በማግስቱ ወደ ደንዲ ሐይቅ ሄደን ከዚያ ያገኘሁትን ደግሞ በሦስተኛው አኖርሁ። ሦስቱም ቀፎዎች ከአንድ ሱቅ የተገዙ፣ መልካቸውም አንድ ነበር። ዝናቡ ስላጣደፈን በቦታው ምንም አልጻፍሁባቸውም፤ «አስታውሰዋለሁ» አልሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ማታ በመብራት ሥር ተቀምጬ በትዝታዬ ብቻ «ወንጪ ጫፍ»፣ «ወንጪ ሐይቅ ዳር»፣ «ደንዲ» ብዬ ጻፍሁ። ጽሕፈቱ ያማረ፣ ወረቀቱም ንጹሕ ነበር። ያየው ሁሉ የሚያምነው ዓይነት ነው።

ከሳምንት በኋላ አንዱ ጓደኛዬ የመንገድ ማስታወሻውን ገልጦ ሲያነብ «በደንዲ ሁለት ብቻ፣ ሁለቱም ስባሪ» የሚል አገኘ። «ደንዲ» ብዬ በጻፍሁበት ቀፎ ውስጥ ያሉት ግን አራት ናቸው፤ ሁሉም ደኅና ናቸው። ሁለቱ ስባሪዎች የተገኙት «ወንጪ ጫፍ» በሚለው ቀፎ ውስጥ ነበር። ስለዚህ የደንዲው ታወቀ። የቀሩት ሁለት ቀፎዎች ከወንጪ መሆናቸውም ታወቀ፤ ነገር ግን የትኛው ከጫፍ፣ የትኛው ከሐይቁ ዳር እንደሆነ የሚመሰክር አንዳችም ነገር አልተገኘም። መምህራችን «እንግዲህ እውነቱን ጻፍ» ብለውኝ በሁለቱም ላይ «ወንጪ፤ ቦታው በትክክል ያልተረጋገጠ» ብዬ ጻፍሁ። በጻፍሁበት ጊዜ ማፈሬን አልደብቅም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

የእኔ ጥፋት በክፍል ውስጥ ቀረ። ነገር ግን ከነዚያ ዛጎሎች አንዱ ሳይንስ ገና ያላወቀው ዝርያ ቢሆን ኖሮ፣ ስምም ወጥቶለት «የተገኘበት ቦታ ደንዲ» ተብሎ ቢታተም ኖሮስ? ከእኔ በኋላ የሚመጣ ተማሪ ደንዲን እየዞረ በከንቱ ይፈልገው ነበር። ስላላገኘውም «ይህ ዝርያ ጠፍቷል» ብሎ ይጽፍ ይሆናል። ቀንድ አውጣው ግን በወንጪ ድንጋይ ሥር በሰላም ይኖራል።

ዋቢ ናሙና ምንድን ነው?

አንድ የሥነ ሕይወት ሊቅ አዲስ ዝርያ አገኘሁ ሲል ስምና መግለጫ ጽፎ ያሳትማል። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። «ቅርጹ ሾጣጣ፣ ቀለሙ ቡናማ» የሚለው ቃል ለሃያ ዝርያ ሊስማማ ይችላል። ስለዚህ ስሙ የሚጸናበት አንድ ግዙፍ ነገር፣ ይኸውም ያ ሊቅ በእጁ ይዞ ያየው ናሙና፣ በቤተ መዘክር ይቀመጣል። ሳይንቲስቶች «ታይፕ» ይሉታል፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ «ዋቢ ናሙና» እለዋለሁ፤ ለስሙ ዋስና ምስክር ሆኖ የሚቆም ነውና።

በገበያ በእህል መስፈሪያ ጠብ ቢነሣ የሻጩም የገዢውም ቃል አይበቃም፤ የታወቀው ቁና ይመጣና በእርሱ ይለካል። ዋቢ ናሙናም እንዲሁ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ «ይህ ስም የማን ነው?» የሚል ክርክር ቢነሣ የሚታየው ያ አንድ ዛጎል ነው። የዝርያው ዓይነተኛ መልክ ያለው፣ ከሁሉ የሚያምር ወይም ትልቁ መሆን የለበትም። ስሙን ተሸካሚ መሆኑ ብቻ ይበቃል።

ይህን ሥራ የሚመራ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ1895 ተመሥርቷል። የዛሬው የእንስሳት ስም አወጣጥ ሕግ የመጀመሪያ እትም በ1961 ወጣ፤ አሁን የሚሠራበት አራተኛው እትም ከጥር 1 ቀን 2000 ጀምሮ የጸና ነው። በሕጉ መሠረት ከዚያ ወዲህ አዲስ ስም የሚያወጣ ሰው ዋቢ ናሙናውን ለይቶ ማሳወቅ አለበት። የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ግን ይህ ግዴታ አልነበረባቸውም። ብዙዎቹ በእጃቸው ከነበሩት አምስት ወይም ዐሥር ዛጎሎች መካከል የትኛው ዋቢ እንደሆነ ሳይለዩ ሁሉንም በአንድ ስም አኖሩ። ከዐሥሩ ዛጎሎች ውስጥ የሁለት ዝርያ ዛጎል ተቀላቅሎ ቢገኝ ስሙ ወደ የትኛው ይሂድ? በዚህ ጊዜ አንድ የኋላ መርማሪ ከመካከላቸው አንዱን መርጦ፣ ምርጫውንም አሳትሞ፣ «ከእንግዲህ ስሙን የሚሸከመው ይህ ነው» ይላል። ይህ «ሌክቶታይፕ» ይባላል። የቀድሞው ናሙና ፈጽሞ ከጠፋና ስሙም አከራካሪ ከሆነ ብቻ አዲስ ምትክ ይሾማል፤ ይህ ደግሞ «ኒዮታይፕ» ነው። ጠፋ የተባለው አሮጌው ናሙና በአንድ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ ቢባል ግን ምትኩ ይሻራል፤ አሮጌው ወደ ሥልጣኑ ይመለሳል።

ስለ የብስ ቀንድ አውጣ ሲሆን ከናሙናው እኩል የሚያስፈልገው የተገኘበት ቦታ ነው። ወፍ ከተራራ ወደ ተራራ ይበርራል። ቀንድ አውጣ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከጥቂት ሜትሮች የማይርቅ ሊሆን ይችላል። ደረቅ ሜዳ ወይም ጥልቅ ሸለቆ ለእርሱ ባሕር ነው። ስለዚህ በአንድ ተራራ ያለው ወገን በጎረቤት ተራራ ካለው ተለይቶ ብዙ ሺህ ዓመት ይኖርና ሌላ ዝርያ ይሆናል። ዛጎላቸው ግን ሊመሳሰል ይችላል። የሆድ ዕቃቸውን በማየት የሚለዩ ዝርያዎች ብዙ ናቸው፤ በቤተ መዘክር ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶ ዛጎል ነው። ባዶ ዛጎል ይዞ የሚከራከር ሰው አድራሻው ከጠፋበት ምኑን ይይዛል?

ስሕተት ከየት ይመጣል?

የስሕተት ምንጮች ብዙ ናቸው። ለአገራችን የሚስማሙትን ብቻ እጠቅሳለሁ።

1ኛ፤ አድራሻው እጅግ ሰፊ ሲሆን። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉ ብዙ መለያ ወረቀቶች «አቢሲኒያ» ብቻ ይላሉ። ትንሽ የተሻሉት «ሸዋ» ይላሉ። የኢጣሊያ መልክዐ ምድር ማኅበር በአንኮበር አጠገብ ከልጥ ማረፊያ ጣቢያ ነበረው፤ ማርኬዝ አንቲኖሪ፣ ከእርሱም በኋላ ዶክተር ራጋዚ ከዚያ እየተነሡ የሰበሰቡት እንስሳ ወደ ጄኖቫ ቤተ መዘክር ሄደ። በ1896 ለራጋዚ መታሰቢያ ስም የወጣላት የዛፍ እንቁራሪት አድራሻዋ «ሸዋ» ነው። ሸዋ ከየት እስከ የት ነው? አንኮበርም ሸዋ ነው፤ አምቦም ሸዋ ነው፤ ወንጪም ሸዋ ነው። ጄኖቫ ለተቀመጠ ሰው አንድ ቦታ ይመስለዋል፤ ከአንኮበር ወንጪ ድረስ ስንት ወንዝና ስንት ተራራ እንዳለ የሚያውቀው መንገደኛ ነው።

2ኛ፤ ሰብሳቢው ሳይናገር ሲሞት። ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ የተባለ ኢጣሊያዊ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ በ1893 ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ወፎች አንዱ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ሆኖ ተገኘና ሳልቫዶሪ የተባለ ሊቅ በ1896 በሩስፖሊ ስም ሰየመው። ነገር ግን ወፉ ከየት እንደተያዘ የሚገልጽ ማስታወሻ አልነበረም፤ የሚያውቀው ሰው ሞቷል። ስሙ በመጽሐፍ፣ ናሙናው በቤተ መዘክር እያለ፣ ወፉ ራሱ በአሬሮ ደን የተገኘው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ መስመር ጽሕፈት ጉድለት ነው። የአሬሮ ሰው ግን ወፉን በየቀኑ ያየው ነበር።

3ኛ፤ ናሙናው ቤት ሲቀይር። ሂዩ ከሚንግ የተባለው እንግሊዛዊ በዘመኑ ከነበሩት የዛጎል ሰብሳቢዎች ሁሉ የላቀ ነበር። በ1865 ሲሞት ስብስቡን የብሪታንያ ቤተ መዘክር ገዛው። ዛጎሎቹ በሰፌድ መሰል ትሪ ተደርገው በነፋስ ቀን ግቢውን ሲሻገሩ ያልተጣበቁት ወረቀቶች ከየቦታቸው በረሩ፤ በኋላም እንደ ሆነ ሆኖ ተለጠፉ እየተባለ በሊቃውንቱ ዘንድ እስከ ዛሬ ይወራል። ወሬው በሙሉ እውነት ይሁንም አይሁን፣ የከሚንግን ዛጎል የሚመረምር ሰው ሁሉ በአድራሻው ላይ ይጠነቀቃል።

4ኛ፤ አንድ ስም ሁለት ቦታ ሲኖረው። ይህ ለእኛ ዋናው ነው። ሂዩ ስኮት የተባለ እንግሊዛዊ የነፍሳት ሊቅ በ1926 ከአዲስ ዓለም ባሻገር ካለው ደን ብዙ ነፍሳት ሰብስቦ በወረቀቱ ላይ «ጀምጀም» ብሎ ጻፈ። ከእርሱ በፊት ኦስካር ኖይማን የተባለ ጀርመናዊ ከአባያ ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ካለው የቀርከሃ ደን ያገኘውን ጦጣ በ1902 «ጃምጃሜንሲስ» ብሎ ሰየመው። ይህኛው በሲዳሞ በኩል ያለው የጉጂ ጀምጀም ነው። በሁለቱ ጀምጀሞች መካከል በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አለ፤ በፈረንጅ ፊደል ሲጻፉ ግን የሚለያቸው አንድ ፊደል ነው፤ እርሱም አንዳንድ ጊዜ ይጠፋል። የራሳችንም ወንጪ እንዲሁ ነው። በሰሜን ሸዋ ወደ ጀማ የሚገባ ወንጪት የሚባል ወንዝ አለ። የመጨረሻው ፊደል ከወረቀቱ ጫፍ ቢቀደድ ወንዙ ተራራ ይሆናል።

5ኛ፤ ቦታው ስሙን ሲለውጥ። አምቦ በአንድ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር። ወሊሶም «ጊዮን»፣ ቢሾፍቱ «ደብረ ዘይት»፣ አዳማ «ናዝሬት» ተብለዋል። «ሀገረ ሕይወት» የሚል ወረቀት ያገኘ የውጭ አገር ተማሪ በዛሬ ካርታ ላይ ምን ያገኛል? «ጊዮን» የሚል ቢያገኝማ ወደ ዓባይ ምንጭ ሊሄድ ይችላል። አባቱ አምቦ ያደገ ልጅ ግን ቤቱ ጠይቆ በአንድ ደቂቃ ይመልሰዋል።

6ኛ፤ የዘመን አቆጣጠር። አንድ ኢትዮጵያዊ በመለያው ላይ «መስከረም 12 ቀን 1959» ብሎ ቢጽፍ በአውሮፓ አቆጣጠር 1966 ነው። አንባቢው ይህን ካላወቀ ናሙናው ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይሄድና ሰብሳቢው ገና ባልደረሰበት ቦታ ተገኝቶ ይቆጠራል። በመጀመሪያ ስለ ዓመታት ያስታወቅሁት ስለዚህ ነው።

እርማቱ እንዴት ይካሄዳል?

የመርማሪው ሥራ ከዳኛ ሥራ ብዙ አይለይም። ምስክር ይሰማል፣ ጽሕፈት ያመሳክራል፣ ከዚያ ይፈርዳል።

በመጀመሪያ ወደ ጥንቱ መግለጫ ይመለሳል። ደራሲው «ቁመቱ ይህን ያህል ሚሊ ሜትር፣ ጥምዝምዙ ስድስት» ብሎ እንደሆነ በቤተ መዘክር ያለውን ዛጎል በካሊፐር ይለካል፣ ጥምዝምዙን ይቆጥራል። ሥዕል ካለ የተሰበረችው ጠርዝ እንኳ ሳትቀር ከሥዕሉ ጋር ትመሳከራለች። ቁመቱ ካልገጠመ ወረቀቱ የሌላ ዛጎል ነው፤ ወይም ዛጎሉ በኋላ የተለወጠ ነው።

ሁለተኛ፣ የእጅ ጽሕፈቱን ያያል። የሰብሳቢው ነው ወይስ የቤተ መዘክሩ ጸሐፊ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የገለበጠው? በመዝገቡ ላይ ያለው ቁጥርና በዛጎሉ ላይ ያለው ቁጥር ይገናኛሉ?

ሦስተኛ፣ የሰብሳቢውን መንገድ በካርታ ላይ ይከተላል። ይህ ዘዴ ኃይለኛ ነው። ብላንፎርድ የተባለው ሊቅ በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፌ በኩል እስከ መቅደላ ሄዶ ተመለሰ፤ ያየውንም በ1870 አሳተመ። ሩፔል የተባለው ጀርመናዊም በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከምጽዋ ወደ ሰሜንና ወደ ጎንደር ነው የተጓዘው። ሁለቱም ሸዋን አልረገጡም። ስለዚህ «ብላንፎርድ፤ ሸዋ» የሚል ወረቀት ቢገኝ መርማሪው ከሁለቱ ቃላት አንዱ ውሸት መሆኑን ወዲያው ያውቃል። የስኮት ነገር ግን ያን ያህል አይቀልም። እርሱ በ1948 እና 1949 ተመልሶ በደቡብ የጉጌን ተራሮች ስለጎበኘ ስሙ ብቻውን አይበቃም፤ ዓመቱም መታየት አለበት።

አራተኛ፣ ዛጎሉን ራሱን ይጠይቃል። በአፉ ውስጥ የቀረው አፈር ጥቁር ነው ወይስ ቀይ? የተጣበቀበት ሽበት ወይም የቅጠል ፍርፋሪ የየት አገር ነው? አብረውት በአንድ ዕቃ የተቀመጡት ሌሎች ዛጎሎች በየት የሚኖሩ ናቸው? እንዲህ ያለው ምስክር ቃሉ አጭር ነው፤ ግን አይዋሽም።

አምስተኛ፣ ወደ ቦታው ይሄዳል። በተጠረጠረው ቦታ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ይሰበሰባሉ፤ አካላቸው ተከፍቶ ይታያል፤ ከአሮጌው ዛጎል ጋር ይመዛዘናሉ።

ስድስተኛው ዘዴ አዲስ ነው። ከደረቀ ሥጋ ወይም ከአሮጌ ናሙና የዘር ቅንጣት፣ ይኸውም ዲ ኤን ኤ፣ ማውጣት ተችሏል። በዚህ ዘዴ ስሙ ከፍ ያለው ሁሉ ሳይቀር ታርሟል። የሥነ ፍጥረት ስም አወጣጥ አባት የሚባለው ሊኔየስ በ1758 የእስያን ዝሆን ኤሌፋስ ማክሲሙስ ብሎ ሲሰይም ካያቸው ናሙናዎች አንዱ በስቶክሆልም በአልኮል ውስጥ የተቀመጠ የዝሆን ሽል ነበር። በ2013 የወጣ ምርመራ ሽሉ የአፍሪካ ዝሆን መሆኑን አረጋገጠ። የእስያው ዝሆን ስም በአፍሪካዊ ዋቢ ላይ ሊቆም ነበር ማለት ነው። መርማሪዎቹ ጆን ሬይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1664 በፍሎሬንስ አይቶ የጻፈለትንና ሊኔየስም የጠቀሰውን ዐፅም ሌክቶታይፕ አድርገው ስሙን አዳኑት።

ከአገራችንም ምሳሌ አለ። ኖይማንና ባልደረባው ፎን ኤርላንገር ከ1899 እስከ 1901 በኢትዮጵያ ባደረጉት ጉዞ ካመጧቸው እንቁራሪቶች ሁለቱን ዝርያዎች አል የተባለ ጀርመናዊ በ1924 አንዱን «ኖይማኒ»፣ ሌላውን «ኤርላንገሪ» ብሎ ሰየመ። እነዚህ በደጋው ሣር ውስጥ የሚዘልሉት ትናንሽ እንቁራሪቶች እጅግ ስለሚመሳሰሉ ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ሲቸገሩ ኖሩ። በ2021 የወጣ ጥናት ከአሮጌዎቹ ዋቢ ናሙናዎች ራሳቸው ዲ ኤን ኤ አውጥቶ አነበበና እነዚህ ሁለት ስሞች በመጻሕፍት ውስጥ በተደጋጋሚ ሲምታቱ መኖራቸውን አሳየ። ያው ጥናት በአርሲ ደጋ ያለችውና በባሌ ያለችው ሁለቱ ጥቃቅን እንቁራሪቶች የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውንም አጸና። መቶ ዓመት ያህል በጠርሙስ የተቀመጠ እንስሳ በመጨረሻ ስለ ራሱ መሰከረ።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ውሳኔው ይታተማል። ሕጉ የተሳሳተ ቦታ በታወቀ ጊዜ ይታረም ዘንድ ይመክራል። ነገር ግን አንድ ጥብቅ ልማድ አለ፤ አሮጌው ወረቀት አይጣልም። የተሳሳተው እንኳ ሳይቀር ከአዲሱ ጋር አብሮ ይቀመጣል፤ የእርማቱም ቀንና ምክንያት ይጻፍበታል። የዛሬው አራሚ ነገ ራሱ ተሳስቶ ሊገኝ ስለሚችል፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው መንገዱን ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት መቻል አለበት። የማይታረመው ነገር ሲያጋጥምም «አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ነውር አይደለም። ነውሩ ገምቶ እንደሚያውቅ መስሎ መጻፍ ነው።

ይህ ሁሉ ምን ያደርግልናል?

አንዳንድ ጓደኛ «አገሩ ስንት ችግር እያለበት የቀንድ አውጣ ስም ምን ይሠራል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው።

የቢልሃርዚያ በሽታ ወደ ሰው የሚደርሰው በውሃ ቀንድ አውጣ በኩል ነው። የአንጀቱን ቢልሃርዚያ የሚያሳድገው ባዮምፋላሪያ የሚባለው ወገን ነው፤ የሽንት ከረጢቱን የሚያሳድገው ግን ቡሊኑስ የሚባለው ሌላ ወገን ነው። ሐኪሙ በወንዙ ውስጥ የትኛው እንዳለ ካላወቀ በየትኛው በሽታ እንደሚጠረጥር አያውቅም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ እንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውና ከዚያ የተነሣው ምርምራቸው ለሁላችን የታወቀ ነው። እንዶዱ የሚገድለው የትኛውን እንደሆነ ለዓለም ለመንገርም ስም ያስፈልጋል። በዚህም ላይ የስም ውዝግብ ነበረ። የኢትዮጵያው ባዮምፋላሪያ ለብዙ ጊዜ በሩፔል ስም ይጠራ ነበር፤ ዛሬ ግን ከደቡብ አፍሪካ በመጣ ናሙና ላይ በቆመው «ፋይፈሪ» በሚለው ስም ይቆጠራል። ይህን የማያውቅ ተማሪ የአሮጌውንና የአዲሱን ጥናት የሁለት እንስሳ ታሪክ አድርጎ ያነባል።

የየብሱ ቀንድ አውጣ ደግሞ የደን ምስክር ነው። ደን ሲመነጠር፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ ሸሽቶ መሄድ ስለማይችል ከሁሉ ቀድሞ ይጠፋል። ወንጪ በ2021 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ተመርጣለች፤ መንገድና የእንግዳ ማረፊያም ተሠርቶላታል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ድንጋይ በተነሣ ቁጥር ከሥሩ ምን ይኖር እንደነበረ ካልተጻፈ ምን እንዳጣን እንኳ ሳናውቅ እንቀራለን። የጠፋውን ለመቁጠር አስቀድሞ የነበረውን በትክክለኛ ስሙና በትክክለኛ አድራሻው ማወቅ ግድ ነው።

ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ አውጣዎች ይኬሊ በ1874፣ ስለ አቢሲኒያ ቀንድ አውጣዎች ቡርጊኛ በ1883 ሰፋፊ መጻሕፍት አሳትመዋል። ቡርጊኛ በጥቂት የዛጎል ልዩነት አዲስ ስም እያወጣ ብዙ ስም በማብዛቱ የታወቀ ሰው ነው፤ ስብስቡ በጄኔቫ ይገኛል። የሩፔል በፍራንክፈርት፣ የአንቲኖሪ በጄኖቫ፣ የኖይማን በበርሊን ነው። የእኛ ተማሪ የአገሩን ቀንድ አውጣ ስም ለማረጋገጥ ባሕር ማቋረጥ ያስፈልገዋል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ቁጭት ብቻውን ሥራ አይሆንም። ዛጎሉ በእነርሱ እጅ ቢሆንም አድራሻው በእኛ እጅ ነው። ሁለቱን ጀምጀም የሚለይ፣ ሀገረ ሕይወት የት እንደሆነች የሚያውቅ፣ ወንጪንና ወንጪትን የማያምታታ፣ መስከረም በየትኛው ዓመት እንደሚውል የሚቆጥር ማን ነው? የእኛ ሽማግሌዎች፣ የእኛ እረኞች፣ እኛም ነን። የወንጪ ፈረስ አከራይ ልጅ በኦሮምኛ የሚያውቀውን የእያንዳንዱን ዳገትና ምንጭ ስም በጄኔቫ ያለ ሊቅ በሙሉ ዕድሜው አይደርስበትም። ዛሬ የብዙዎቹ ዋቢ ናሙናዎች ሥዕል በኮምፒዩተር ስለሚታይ፣ መለያ ወረቀታቸውን እያነበቡ «ይህ ቦታ እዚህ ነው» ብሎ መጻፍ ከአምቦም ሆነ ከአራት ኪሎ የሚቻል ሥራ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ለሚሰበስብ ተማሪ ምክሬ አጭር ነው። ዛጎሉን ከመሬት ባነሣህበት ሰዓት፣ እዚያው ቆመህ፣ በእርሳስ ጻፍ፤ ቀለም በውሃና በአልኮል ይለቃል፣ እርሳስ ግን ይጸናል። የቦታውን ስም የአገሬው ሰው እንደሚጠራው በፊደላችን ጻፍ፤ ከሥሩም በላቲን ፊደል ድገመው። ከታወቀ ከተማ ስንት ኪሎ ሜትር በየት በኩል እንደሆነ፣ ከፍታውንና መጋጠሚያ ቁጥሩን ጨምር። ቀኑን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ለይተህ አስቀምጥ። የሰበሰበውን ሰው ስም አትርሳ፤ ያገኘው ፈረስ አከራዩ ልጅ ከሆነም የእርሱን ጻፍ። ወረቀቱን ከቀፎው ውጭ አትለጥፍ፤ ውስጥ ከዛጎሉ ጋር አኑረው።

የእኔ ሁለት ቀፎዎች ዛሬም በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ «ቦታው በትክክል ያልተረጋገጠ» እንደተባሉ አሉ። በመጪው ክረምት መጨረሻ ወደ ወንጪ ተመልሼ ከጫፉም ከሐይቁ ዳርም እንደገና ሰብስቤ ላመሳክራቸው አስቤአለሁ። ምናልባት ይታረሙ ይሆናል፤ ምናልባትም አይታረሙም። አብሮኝ ለመውጣት የሚፈልግ ተማሪ ቢኖር ደስ ይለኛል፤ እርሳስ ግን ይዞ ይምጣ።